የት እንጣለው? ወይስ ምንድን ነው? የአዲስ አበባ የቆሻሻ ዕቅድ ሲመዘን

እስኪ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ከራት በኋላ የወጥ ቤቱን የቆሻሻ ባልዲ ክፈቱና ውስጡን እዩት። ምን አለ? የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ምናልባትም አንድ ሁለት ፌስታል። አሁን ባልዲውን ብድግ አድርጉት። ከበደ አይደል? ያከበደው ፌስታሉ እንዳይመስላችሁ። ክብደቱ በአብዛኛው ውኃ ነው። ሽንኩርት ከመቶ 89 እጁ ውኃ ነው፤ ቲማቲም 94፣ ድንች ደግሞ 79 ገደማ።

ይሄ ተራ ነገር ይመስላል። ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ ባልዲውን ሁሉ አንድ ላይ ሲገለብጠው፣ ያ ውኃ የአንድን ትልቅ ዕቅድ ዕጣ ይወስናል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው እንዲህ ዓይነቱን ዕቅድ ነው፤ ማለትም የከተማ አስተዳደሮች «ለነዋሪውና ለአካባቢው ዘላቂ» ብለው የሚያወጡትን። ምሳሌያችን አዲስ አበባ ናት። ትችታችን ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከተማዋ ለአሥርተ ዓመታት «ቆሻሻውን የት እንጣለው?» እያለች ስትጠይቅ ኖራለች። ቀድሞ መመለስ የነበረበት ጥያቄ ግን «ቆሻሻው ምንድን ነው? ማንስ ነው የሚነካው?» የሚለው ነበር።

ዕቅድ ሲባል ምን ማለት ነው?

«ዘላቂ ልማት» የሚለው ሐሳብ በዓለም መድረክ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የብሩንትላንድ ኮሚሽን ሪፖርት ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ የዛሬውን ፍላጎታችንን ስናሟላ ገና ያልተወለዱትን ዕድል አናበላሽ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ መንግሥታት ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ተሰብስበው «አጀንዳ 21» የተባለውን ሰነድ አጸደቁ። የሰነዱ ምዕራፍ 28 ስለ አካባቢ አስተዳደሮች ይናገራል። ውኃ የሚያቀርበው፣ መንገድ የሚሠራው፣ ቆሻሻ የሚያነሣው ለሕዝቡ ቅርብ የሆነው አስተዳደር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ከነዋሪው ጋር ተመካክሮ የራሱን አጀንዳ ያውጣ ይላል። ቀነ ገደቡ ደግሞ 1996 ነበር።

እዚህ ላይ «ተመካክሮ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። የኛም ሀገር ሕግ ይህንኑ ይላል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከተማ አስተዳደሮች የደረቅ ቆሻሻ ዕቅዳቸውን ሲነድፉም ሲፈጽሙም የታችኛው የአስተዳደር እርከንና ነዋሪው እንዲሳተፉ እንዲያደርጉ ያዛል። ስለዚህ «ሕዝቡን ማማከር» የፈረንጅ ምክር ብቻ አይደለም፤ በአማርኛ ተጽፎ በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው መልስ፦ ቆሼ

አዲስ አበባ ቆሻሻዋን በደቡብ ምዕራብ ጫፍ በሚገኘው ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በምንለው ሥፍራ መጣል የጀመረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ቦታው ከከተማው ወጣ ያለ ነበር። ወደ 36 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ሃምሳ ያህል ይወጣዋል። ጥያቄው «የት?» ስለነበር መልሱም «እዚያ ራቅ ብሎ» ሆነ።

ነገር ግን ከተማ ያድጋል፤ «እዚያ» የነበረው «እዚህ» ይሆናል። ቤት ቤትን እየተከተለ ቆሼ ድረስ መጣ። ከቆሻሻው ክምር ውስጥ ብረት፣ ፕላስቲክና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚተዳደሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሥፍራውን እንጀራቸው አደረጉት።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የክምሩ አንድ ጎን ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ቆሻሻ እንዴት ይናዳል? እቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሰፌድ ላይ ጤፍ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ክምሩ እየሾለ ይሄዳል፤ ከሆነ ማዘንበል በላይ ግን አይሾልም፤ ከጎኑ ይንሸራተታል። ክምሩን አንድ ላይ የያዘው በፍሬዎቹ መካከል ያለው ፍትጊያ ነው። የቆሻሻ ተራራም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ውስጡ ውኃና ጋዝ መኖሩ ነው። ዝናብ ሲሰርግ፣ ልጣጩም ሲበሰብስ፣ በቆሻሻው ቅንጣቶች መካከል ያለው ፈሳሽና ጋዝ ግፊት ይፈጥራል። ግፊቱ ቅንጣቶቹን በመጠኑ ስለሚያነሣቸው ፍትጊያው ይላላል። ከላይ ጭነት ሲጨመር ወይም ከሥር ሲቆፈር ደግሞ ሚዛኑ ይፈርሳል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ማኒላ አጠገብ የነበረው የፓያታስ ክምር ከከባድ ዝናብ በኋላ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በ2005 ደግሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሌዊጋጃህ ክምር ከ140 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። መሐንዲሶች ሁለቱንም አጥንተው ጽፈዋል። ስለዚህ ከቆሼ 12 ዓመት በፊት ዓለም ትምህርቱን አግኝቶ ነበር። «የት እንጣለው?» የሚል ዕቅድ ግን ክምሩ ምን ያህል እንደሾለና ውስጡ ምን ያህል ውኃ እንዳለ የሚለካበት ምክንያት አይታየውም።

ሁለተኛው መልስ፦ ሰንዳፋ

ቆሼ እንደሞላ ከተማው ያውቅ ነበር። ከአደጋው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በኦሮሚያ ክልል ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ የማስወገጃ ሥፍራ ተከፈተ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቆሼ በብዙ የተሻለ ነበር፤ ዘመናዊ ሆኖ የታቀደ ነው።

ግን ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ። ሽታው፣ የውኃቸው መበከል፣ የከብቶቻቸው ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ማን ጠየቀን?» የሚለው ቅሬታ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ሥፍራው ተዘጋ፤ መኪኖቹም ፊታቸውን አዙረው ወደ ሞላው ቆሼ ተመለሱ። ክምሩ የተናደው ይህ በሆነ በወራት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ «ተመካክሮ» የምትለዋን ቃል እንመልሳት። ብዙ ጊዜ ምክክር እንደ ጨዋነት ይታያል፤ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ቆሎና ለስላሳ ቀርቦ፣ ፊርማ ተሰብስቦ የሚያልቅ ነገር። የሰንዳፋ ታሪክ ግን ምክክር የምሕንድስናው አካል መሆኑን ያሳያል። ነዋሪው ያልተቀበለው ማስወገጃ፣ መሠረቱ እንደተሰነጠቀ ግድብ ነው፤ ሲሚንቶው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይሠራም። ገበሬዎቹ ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ ወይ ሥፍራው ይለወጥ ነበር፣ ወይ የፍሳሽ ማጣሪያው ቀድሞ ይጠናቀቅ ነበር፣ ወይ ካሣው ይስተካከል ነበር። ሦስቱም ከመዝጋት ይረክሳሉ።

አንዳንዱ አንባቢ «ገበሬው ባይቃወም ኖሮ እኮ ቆሼ ባልተናደ ነበር» ሊል ይችላል። ይህ ጥፋቱን ወደ ማይገባው ሰው ማዞር ነው። ገበሬው ሌላ ሰው ያመረተውን ቆሻሻ በጓሮው እንዲቀበል ነው የተጠየቀው፤ ለዚያውም ዘግይቶ። በአንድ ሥፍራ ላይ ብቻ የተንጠለጠለና ሥፍራው ቢዘጋ ምን እንደሚደረግ ያላሰበ ዕቅድ ያወጣው ግን እሱ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ፦ እሳት

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሼ አጠገብ የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ዓይነት ነው ተባለ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ፣ በዓመት 185 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ ተነገረ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ደግሞ የከተማዋን ቆሻሻ 80 ከመቶ ያህል እንደሚወስድ፣ የነዋሪዎቿን የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍላጎት 30 ከመቶ እንደሚሸፍን ጻፈ።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ቆሻሻ ሲቃጠል ይዘቱ እስከ 90 ከመቶ ይቀንሳል። ይህ ማለት ክምሩ አያድግም ማለት ነው፤ ከ110 በላይ ሰው ለቀበረች ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በክምር ውስጥ አየር ሳያገኝ የሚበሰብስ ልጣጭ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ማቃጠሉ ለአየር ንብረትም የሚጠቅምበት መንገድ አለ። የሐሳቡ አፍላቂዎች ሞኞች አልነበሩም።

አሁን ግን ቁጥሩን አብረን እንፈትሽ። ካልኩሌተር ያዙ።

185 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓትን በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ስናካፍለው በአማካይ 21 ሜጋዋት ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ቆሻሻ 6 ሜጋጁል ሙቀት ይገኛል እንበል። 1,400 ቶን ማለት 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ነው፤ በ6 ሲባዛ በቀን 8.4 ሚሊዮን ሜጋጁል። ይህን በቀኑ 86,400 ሰከንዶች ስናካፍለው 97 ሜጋዋት ሙቀት እናገኛለን። እንዲህ ያለ ማመንጫ ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከ20 እስከ 25 ከመቶውን ነው። በ22 ከመቶ ብንሄድ 21 ሜጋዋት! ልክ ገጠመ።

ደስ አይልም? ደስ ከማለቱ በፊት ግን ስሌቱ እንዲገጥም ያስቀመጥናቸውን «ከሆነ»ዎች ቁጠሯቸው። በየቀኑ 1,400 ቶን ሙሉ በሙሉ ከደረሰ፤ እያንዳንዱ ኪሎ 6 ሜጋጁል ከሰጠ፤ ማሽኑ አንድም ቀን ካልቆመ። «30 ከመቶ» በምትለው አንዲት ቁጥር ውስጥ ቢያንስ ሦስት «ከሆነ» ተደብቋል። ከምረቃው በኋላ ደግሞ ሥራው በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ታይቷል።

ወደ ባልዲያችን እንመለስ። የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የምግብ ትራፊ። በላዩ ላይ አመድና አፈር አለበት። ለምሳሌ ያህል አንድ ኪሎ እንውሰድና 550 ግራሙ ውኃ፣ 350 ግራሙ የሚነድ ደረቅ ነገር፣ 100 ግራሙ አመድ ነው እንበል። የደረቀ የዕፅዋት ነገር በኪሎ 18 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ 350 ግራሙ 6.3 ሜጋጁል ያወጣል። ነገር ግን 550 ግራም ውኃ ወደ እንፋሎት እስኪለወጥ ድረስ 1.3 ሜጋጁል ይበላል። የቀረን 5 ሜጋጁል ነው። በክረምት ገንዳው ክፍት ሆኖ ዝናብ ሲገባበት ደግሞ ከ4 ሊወርድ ይችላል።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1999 ለከተማ አስተዳደሮች ባወጣው መመሪያ፣ ማቃጠያ ከመሥራታችሁ በፊት የቆሻሻችሁ የሙቀት መጠን የዓመቱ አማካይ ከ7 ሜጋጁል እንደማያንስ፣ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 በታች እንደማይወርድ አረጋግጡ ብሎ ነበር። «በየትኛውም ወቅት» የሚለው ለኛ ሀገር የተጻፈ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ለዚህ መሐንዲሶች መፍትሔ አላቸው። ቆሻሻው ከመቃጠሉ በፊት ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ለቀናት ተቀምጦ ውኃው ይንጠፈጠፋል። ጥሩ ነው፤ ግን የተንጠፈጠፈው ጥቁር ፍሳሽም መታከም አለበት፣ ቦታም ገንዘብም ይፈልጋል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ውኃውን መጀመሪያውኑ ለምን እሳት ውስጥ ልንከተው ፈለግን?

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ያቺኑ ኪሎ እንደገና እንውሰዳት። ከመላኳ በፊት 500 ግራም ልጣጭ እናውጣላት፤ ልጣጩ 80 ከመቶው ውኃ ነው እንበል። 400 ግራም ውኃና 100 ግራም የሚነድ ነገር ወጣ ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ኪሎ 150 ግራም ውኃ፣ 250 ግራም የሚነድ፣ 100 ግራም አመድ ይኖረዋል። ሙቀቱ? 4.5 ሲቀነስ ወደ 0.4፤ 4.1 ሜጋጁል። ለግማሽ ኪሎ ነው እንግዲህ፤ በኪሎ ሲሰላ ከ8 በላይ።

ምን እንደሆነ አያችሁ? የቆሻሻውን ግማሽ አወጣን፤ የምናገኘው ሙቀት ግን የቀነሰው አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። እሳቱ ደግሞ ያለ ችግር ይነዳል። መኪናው ግማሽ ጭነት ይመላለሳል፤ ነዳጁም ይተርፋል። የወጣው ልጣጭ ደግሞ ኮምፖስት ይሆናል።

ኮምፖስት ተዓምር አይደለም፤ ግን ሳይንስ አለው። ባክቴሪያዎቹ ለእያንዳንዱ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ። ልጣጭ ብቻውን እርጥብና ናይትሮጅን የበዛበት ስለሆነ ይሸታል። ስለዚህ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ የሣር አጨዳ ይቀላቀልበታል። በደንብ ከተገላበጠ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ይህም በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንና የአረም ዘርን ይገድላል። አየር ስለሚያገኝም ብዙ ሚቴን አይወጣውም።

ችግሩ አንድ ነው፤ ልጣጩ ከጠርሙስ ስብርባሪ፣ ከባትሪና ከፌስታል ጋር አንዴ ከተቀላቀለ ማንም ገበሬ ማሳው ላይ አይደፋውም። መለየት ያለበት ከወጥ ቤት ነው። ወይም ደግሞ ከመጀመሪያው ያልተቀላቀለበት ቦታ መሄድ ነው። የአትክልት ገበያን አስቡት። ለዓመታት ፒያሳ የነበረው፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ የተዛወረው አትክልት ተራ፣ በየቀኑ የሚያወጣው ቆሻሻ የጎመን ቅጠልና የበሰበሰ ቲማቲም ነው። ለኮምፖስት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። አንድ ቦታ የተከማቸ፣ ዓይነቱ የታወቀ፣ በየቀኑ የሚመጣ። «ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ዕቅድ ከዚያ ይጀምር ነበር።

ስለ ፕላስቲኩስ? እዚህ ጋ ስሌቱ ይገለበጣል። ፕላስቲክ በኪሎ ከዕፅዋት እጥፍ በላይ ሙቀት ይሰጣል፤ ስለዚህ ማቃጠያው ፕላስቲክን ይወዳል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ገበያም አለው። ልጣጭን ማውጣት ለእሳቱ ወዳጅ ነው፤ ጠርሙስን ማውጣት ግን ተፎካካሪ። አንድ ከተማ ሁለቱንም፣ ማለትም «ማቃጠያም እንሠራለን፣ መልሶ መጠቀምንም እናበረታታለን» ብሎ በአንድ ገጽ ላይ ሲጽፍ፣ የትኛው እንደሚቀድም ካልወሰነ ከራሱ ጋር እየተጣላ ነው።

ቆራሌውና ሜትር ኩቡ

ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ታውቁታላችሁ። «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው። ያረጀ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጄሪካን ይገዛል፤ ምን አለሽ ተራ ይወስዳል፤ እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም መጥበሻ ይሆናል። ልዋጭ የሚሉት ደግሞ አሮጌ ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ሳህን ይሰጣሉ። ማንም ሳያቅድላቸው፣ ያለ ብድርና ያለ ምረቃ ሥነ ሥርዓት፣ «ቆሻሻው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ የሚመልሱ እነሱ ናቸው። በትልልቅ ዕቅዶች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ቦታ የላቸውም፤ ካላቸውም እንደ ችግር ነው።

በሌላ በኩል፣ ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡ የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት አሉ። እነዚህ ማኅበራት ለብዙ ዓመታት ሲከፈላቸው የቆየው በሜትር ኩብ ነው፤ ገንዳውን በሞሉ ቁጥር። እስኪ አስቡት። ልጣጭ ከባድ ነው፤ ግን ቦታ አይይዝም። ባዶ ጠርሙስ ቀላል ነው፤ ግን ቦታ ይሞላል። በሜትር ኩብ የሚከፈለው ሰው ቆሻሻውን የሚለይበት፣ ጠርሙሱንም የሚጨፈልቅበት ምክንያት የለውም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚከፈለው ለመሙላት ስለሆነ ነው። ዕቅዱ በመግቢያው ላይ «መለየትን እናበረታታለን» ሊል ይችላል፤ የክፍያ ሠንጠረዡ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ሁለቱ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ የክፍያ ሠንጠረዡ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ነገር ጀመረች። ነዋሪው 4 ኪሎ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ ከተማው 1 ኪሎ አትክልትና ፍራፍሬ ይሰጠዋል። ከከተማው ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች የተረፋቸውን ምርት ለከተማው ይሸጣሉ። የኛው ልዋጭ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ልዋጭ መሆኑ ነው።

ካሚካትሱ የምትባል የጃፓን ትንሽ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 «እስከ 2020 የሚጣልም የሚቃጠልም ቆሻሻ አይኖረንም» ብላ አወጀች። ነዋሪዎቿ ቆሻሻቸውን ከ40 በሚበልጥ ዓይነት ይለያሉ። የወጥ ቤት ቆሻሻ ግን ከቤት አይወጣም፤ እዚያው ይበሰብሳል። 2020 ሲደርስ ዜሮ አልደረሱም፤ 80 ከመቶ ገደማ ላይ ቆሙ። እነሱም አልደበቁትም፤ የቀረው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደቀረ ተናገሩ።

ከሁለቱም በቀጥታ መኮረጅ አይቻልም። ካሚካትሱ ከ2,000 ያነሰ ሰው ብቻ ያላት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቅባት ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ ከ40 በላይ ባልዲ በየቤቱ ማለት ቀልድ ነው። ኩሪቲባም የዛሬዋን አዲስ አበባ አታክልም። የሚወሰደው ትምህርት ቅደም ተከተሉ ነው። ሁለቱም መጀመሪያ ቆሻሻው ውስጥ ምን እንዳለ አዩ፤ ቀጥሎ የሚነካው ሰው ምን እንደሚያገኝ ወሰኑ።

የከተማችሁን ዕቅድ ስታገኙ

አዲስ አበባን የመረጥነው ታሪኩ በደንብ የታወቀ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ድሬዳዋም ብትኖሩ የከተማችሁን ዕቅድ ስታነቡ እነዚህን ጠይቁ።

1. ተመዝኗል? ቆሻሻው ውስጥ ስንት እጅ ልጣጭ፣ ስንት እጅ ፕላስቲክ እንዳለ በበጋም በክረምትም ተለክቷል? ካልተለካ የቀረው ገጽ ሁሉ ግምት ነው።

2. በትልቁ ቁጥር ውስጥ ስንት «ከሆነ» አለ? አንዱ ባይሟላ ቁጥሩ ምን ይሆናል?

3. ማን ተጠየቀ? መቼ? ቦታው ከተመረጠ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም።

4. ለማን፣ በምን ልክ ይከፈላል? በሜትር ኩብ፣ በኪሎ ወይስ በተለየ ቆሻሻ?

5. ባይሳካስ? ሁለተኛ መንገድ አለ? አዲስ አበባ ሰንዳፋ ሲዘጋ የነበራት ሁለተኛ መንገድ ቆሼ ብቻ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ዕቅዱን ያወጡት አልነበሩም።

እነዚህ ጥያቄዎች የተቃዋሚ ጥያቄዎች እንዳይመስሏችሁ። ጥሩ መሐንዲስ ራሱን የሚጠይቃቸው ናቸው። ዕቅዱን የጻፈው ባለሙያም ቢሆን ብዙ ጊዜ መልሱን ያውቃል፤ የሚጠይቀው ስለሌለ ነው ገጹ ላይ ያልሰፈረው።

ከዛሬ ማታ ደግሞ ሥራ አለላችሁ። ሦስት ዕቃ አዘጋጁ፤ አንዱ ለልጣጭና ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ቆራሌው ለሚገዛው፣ አንዱ ለቀረው። ለአንድ ሳምንት በየማታው መዝኑና ጻፉ። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌላችሁ የሰፈሩ ባለሱቅ አይከለክላችሁም። በክፍላችሁ ሠላሳ ተማሪ ይህን ቢያደርግ፣ ስለ ሰፈራችሁ ቆሻሻ ከብዙ ዕቅዶች የተሻለ መረጃ ይኖራችኋል። በሐምሌ ስትደግሙት ደግሞ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ውጤቱን ለትምህርት ቤታችሁ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቅርቡ፤ ቀጥላችሁም ወደ ወረዳው ውሰዱት። አዋጁ ነዋሪው በዕቅዱ ይሳተፍ ብሏል፤ የተመዘነ ቁጥር ይዞ የሚመጣን ነዋሪ ደግሞ በቀላሉ ማሰናበት ይከብዳል።